ብሪታንያ እና የአውሮፓ ኅብረት፦ ክርክሩ ስለ ምን ነበር?

ስለ ብሪታንያና ስለ አውሮፓ ኅብረት ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስታውሰው የ2016ቱን ሕዝበ ውሳኔ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። 51.9 በመቶው «እንውጣ» አለ፣ 48.1 በመቶው «እንቆይ» አለ፣ ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ የምንሰማው ማብራሪያ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ወይ «ስደተኛ ጠልተው ነው»፣ ወይ «በውሸት ተታለው ነው»። ሁለቱም የተወሰነ እውነት አላቸው። ለፖለቲካ ሳይንስ ተማሪ ግን አይበቁም። ምክንያቱም ክርክሩ ከ2016 ከ60 ዓመት በላይ የሚቀድም ነው፤ የተከራካሪዎቹ አሰላለፍም በመካከሉ ተገለባብጧል። በ1975 አውሮፓን አጥብቆ የተቃወመው ግራው ነበር፤ በ2016 ደግሞ ቀኙ። በ1975 «እንቆይ» ብለው ከቀሰቀሱት መካከል ማርጋሬት ታቸር ይገኙበታል ቢባል ዛሬ ስንቱ ያምናል? ሰዎቹ ቦታ እየተለዋወጡ ጥያቄው ግን ያው ሆኖ ቆይቷል። ያ ጥያቄ ምን እንደሆነ ነው በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው።

እኔ እንደገባኝ ችግሩ ያለው «ሉዓላዊነት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሁለቱም ወገኖች በዚሁ ቃል ይምላሉ፤ የሚሉት ግን አንድ ነገር አይደለም። አንደኛው ወገን ሉዓላዊነት ሲል የመወሰን መብትን ማለቱ ነው። በእኔ ላይ የሚሠራውን ሕግ ማን ያወጣል? ያወጣውን ሰው ካልወደድኩት በምርጫ ላባርረው እችላለሁ ወይስ አልችልም? ሌላኛው ወገን ደግሞ የወሰኑትን የማድረግ አቅምን ማለቱ ነው። ወረቀት ላይ የፈለግኩትን የመወሰን መብት ቢኖረኝ፣ ጎረቤቶቼና ትልልቆቹ ኃይሎች ያለ እኔ በወሰኑት ነገር የምጎዳ ከሆነ ምኑ ነው ሉዓላዊነቴ? መብትና አቅም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ለማግኘት ከሌላው መቀነስ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የብሪታንያ ፖለቲከኞች ትልቁ ጥፋት፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህንን ልውውጥ ለሕዝባቸው በግልጽ አለመናገራቸው ነው።

ከመጀመሪያው እንነሣ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓን አንድ የማድረግን ሐሳብ በትልቅ መድረክ ካነሡት ሰዎች አንዱ ዊንስተን ቸርችል ናቸው። በሴፕቴምበር 1946 ዙሪክ ላይ ባደረጉት ንግግር ፈረንሳይና ጀርመን ታርቀው አንድ ዓይነት የተባበሩት የአውሮፓ ግዛቶች እንዲመሠርቱ ጠየቁ። ልብ ብሎ ላነበበው ግን በዚያ ንግግር ውስጥ ብሪታንያ ሚዜ እንጂ ሙሽራ አይደለችም። ከዳር ቆማ የምትደግፍ ወዳጅ ናት። በዚያን ጊዜ ገና ሰፊ ግዛት ነበራት፤ ከአሜሪካ ጋርም ልዩ ወዳጅነት አለኝ ባይ ናት። አውሮፓ ከሦስቱ ደጆቿ አንዱ ብቻ ነበር።

በ1950 የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮበርት ሹማን የፈረንሳይና የምዕራብ ጀርመን የድንጋይ ከሰልና ብረት በአንድ የበላይ አካል ሥር ይተዳደር የሚል ሐሳብ ሲያቀርቡ፣ ለንደን የነበረው የክሌመንት አትሊ የሌበር መንግሥት አልገባም አለ። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። አትሊ የድንጋይ ከሰሉን ገና በ1947 ከግል ባለቤቶች ወስደው የመንግሥት አድርገውታል። አሁን ደግሞ ማንም ብሪታንያዊ ላልመረጠው አካል አስረክቡ ሊባሉ ነው። ስለዚህ ስድስት ሀገሮች ማለትም ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ያለ ብሪታንያ ጀመሩት። በ1957ቱ የሮም ስምምነትም የጋራ ገበያውን አቋቋሙ። የስምምነቱ መግቢያ ላይ «ከቀን ወደ ቀን የሚጠብቅ አንድነት» የሚል ትርጉም ያለው ሐረግ አለ። ይህችን ሐረግ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ብሪታንያ በ1960 ከስድስት ሌሎች ሀገሮች ጋር ሆና ኤፍታ የተባለ ነፃ የንግድ ቀጠና መሠረተች። ንግድ ብቻ፣ ፖለቲካ የሌለበት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ግን ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን አሳባቸውን ለወጡና በ1961 ለጋራ ገበያው ማመልከቻ አስገቡ። ምን ተገኘ? የስድስቱ ኢኮኖሚ ከብሪታንያ በፈጠነ ሁኔታ እያደገ ነበር። በ1956 በስዊዝ ካናል ጉዳይ ብሪታንያ ጦር ልካ አሜሪካ ስትቆጣ መመለሷ፣ ብቻዋን የማትችል መሆኗን አጋልጧል። ቅኝ ግዛቶቿም አንድ በአንድ ነፃ እየወጡ ነው። እዚህ ላይ ነው አቅም የሚለው ክርክር የተወለደው። በሌላ በኩል የሌበሩ መሪ ሂዩ ጌትስኬል በ1962 የፖለቲካ አንድነት የሺህ ዓመት ታሪክ መጨረሻ ይሆናል ብለው አስጠነቀቁ። መብት የሚለው ክርክር ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ክርክሮች ገና ሳትገባ ተቀምጠው ነበር።

የሚገርመው ጌትስኬል ካሉት ጋር የሚመሳሰል ነገር የተናገሩት ፈረንሳዊው ሻርል ደ ጎል መሆናቸው ነው። በጃንዋሪ 1963 ማመልከቻውን ውድቅ ሲያደርጉ ብሪታንያ የደሴት ሀገር ናት፣ ባሕረኛ ናት፣ ንግዷም ልማዷም ከሩቅ ሀገሮች ጋር የተሳሰረ ነው፣ ከእኛ ጋር አትገጥምም አሉ። በ1967 ለሁለተኛ ጊዜ እምቢ አሉ። ደ ጎል በ1969 ከሥልጣን ወረዱ፤ ኤድዋርድ ሂዝ ተደራደሩ፤ ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ብሪታንያ ከአየርላንድና ከዴንማርክ ጋር ገባች።

እግረ መንገዴን እኛን የሚመለከት አንድ ነገር ልጥቀስ። የብሪታንያ መግባት የቀድሞ ቅኝ ግዛቶቿን ንግድ ጉዳይ ስላስነሣ ማኅበረሰቡ ከአፍሪካ ጋር የነበረውን ስምምነት በአዲስ መልክ አሰፋው። በ1975 የሎሜ ስምምነት የተፈረመው በዚህ ምክንያት ነው። ከፈራሚዎቹ 46 የአፍሪካ፣ የካሪቢያንና የፓስፊክ ሀገሮች አንዷ፣ የማንም ቅኝ ያልነበረችው ኢትዮጵያ ነበረች።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመለስ፣ ብሪታንያ በገባች በሁለት ዓመቷ እንደገና «እንቆይ ወይስ እንውጣ» ተባለ። ሌበር ፓርቲ በጉዳዩ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ስለነበር ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ዊልሰን ፓርቲያቸውን ከመፍረስ ለማዳን ጉዳዩን ለሕዝብ ወረወሩት። (ዴቪድ ካሜሩንም ከ40 ዓመት በኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ውጤቱ ለየቅል ሆነ እንጂ።) ጁን 5 ቀን 1975 በሀገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው አገር አቀፍ ሕዝበ ውሳኔ ተካሄደ፤ 67.2 በመቶው «እንቆይ» አለ። የካቢኔ አባል የነበሩት ቶኒ ቤን የተከራከሩት በዋናነት ስለ ቅቤና ስለ ሥጋ ዋጋ አልነበረም። የብሪታንያ መራጭ ሕግ አውጪዎቹን በድምፁ የማውረድ መብት አለው፤ ብራስልስ የሚወጣውን ሕግ ግን በዚህ መንገድ ሊያስለውጥ አይችልም የሚል ነበር። ከቀኝ በኩል ኢኖክ ፓወልም ተመሳሳይ ነገር ይሉ ነበር። በሌላ ጉዳይ አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡ ሁለት ሰዎች!

የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የተጻፈውን ማየት ደግሞ ይጠቅማል። ጥያቄው ስለ «አውሮፓ ማኅበረሰብ» ሆኖ ጎኑ ላይ በቅንፍ «የጋራ ገበያ» ይላል። ለብዙው ሰው የገባው በቅንፍ ያለው ነው። ቀደም ብሎም በ1971 መንግሥት ያወጣው ሰነድ መሠረታዊ የሆነው የሀገሪቱ ሉዓላዊነት አይሸረሸርም ብሎ ነበር። «መሠረታዊ» የምትለው ቃል እዚያ ውስጥ ምን ያህል ሥራ እንደምትሠራ ልብ በሉ። መሠረታዊ ያልሆነውስ? እሱ አልተነገረም።

አሁን ነገሩ ለብሪታንያ ለምን ከሌሎቹ የበለጠ እንደከበዳት ለማየት ወደ ሕጉ እንግባ፤ ይሄ ክፍል ደረቅ ሊመስል ይችላል፣ ግን ያለ እሱ ቀሪው አይገባም። እኛ ሀገር በ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 መሠረት ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፤ ፓርላማው የሚያወጣው ሕግ ከእሱ ጋር ከተጋጨ ዋጋ የለውም። ብሪታንያ እንዲህ ዓይነት በአንድ ሰነድ የተጻፈ ሕገ መንግሥት የላትም። የሕግ ሊቁ ዳይሲ በ1885 እንደጻፉት ዋናው መርሕ ፓርላማ የፈለገውን ሕግ ማውጣትም መሻርም ይችላል፣ ያወጣውንም ማንም ሊሽር አይችልም የሚል ነው። የዛሬው ፓርላማ የነገውን ፓርላማ እንኳ ማሰር አይችልም። እንግዲህ ጀርመን ወይም ጣሊያን ወደ ማኅበረሰቡ ሲገቡ ቀድሞውንም ከፓርላማቸው በላይ ሕገ መንግሥት፣ ከእሱም ጋር ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት የለመዱ ናቸው። ብሪታንያ ግን ከፓርላማ በላይ ምንም አታውቅም።

የአውሮፓ ፍርድ ቤት ደግሞ በ1964 ከአንድ ጣሊያናዊ የመብራት ሒሳብ ክርክር በተነሣ ጉዳይ የማኅበረሰቡ ሕግ ከአባል ሀገር ሕግ ይበልጣል ብሎ ወስኗል። ብሪታንያ ከመግባቷ ዘጠኝ ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ ስለዚህ አላወቅንም ማለት አይችሉም። ግን ነገሩ በተግባር የታየው በ1990 በዓሣ ምክንያት ነው። የስፔን ዓሣ አስጋሪዎች ብሪታንያ ውስጥ ኩባንያ እያስመዘገቡ ለብሪታንያ ከተሰጠው የዓሣ ኮታ ያጠምዱ ነበር። ፓርላማው በ1988 መርከቦቹ በብሪታንያ ለመመዝገብ ባለቤቶቻቸው በዜግነትም በመኖሪያም የብሪታንያ መሆን አለባቸው የሚል ሕግ አወጣ። ፋክተርቴም የተባለው ኩባንያና ሌሎች ከሰሱ፤ ሕጉ በዜግነት ያበላልጣል፣ ከማኅበረሰቡ ሕግ ጋርም ይጋጫል ብለው። ጉዳዩ ሎርዶች ምክር ቤት ደርሶ ወደ አውሮፓ ፍርድ ቤት ተላከ። መጨረሻ ላይ የብሪታንያ የበላይ ዳኞች ፓርላማ ያወጣው ሕግ በከሳሾቹ ላይ እንዳይፈጸም አገዱ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም ነበር።

የ«እንውጣ» ወገን ይህንን ጉዳይ ሲጠቅስ ሐሰት አልተናገረም። አባልነት ማለት ንግድ ብቻ አልነበረም። ነገር ግን መልሱም ጠንካራ ነው። የአውሮፓ ሕግ ብሪታንያ ውስጥ የሚሠራው ፓርላማው ራሱ በ1972 ባወጣው አዋጅ ይሥራ ስላለ ነው። ያንን አዋጅ በፈለገ ቀን መሻር ይችላል፤ በኋላም ሽሮታል። ሥልጣኑ ተሰጥቶ አልቀረም፣ በውሰት ነበር ማለት ነው። እዚህ ላይ እኔ ለሁለቱም እፈርዳለሁ፦ በሕግ ደረጃ ፓርላማው የበላይነቱን አላጣም፤ በየዕለቱ ሥራ ግን አጥቶታል።

የ«እንቆይ» ወገን ዋናው ክርክር ደግሞ በአንድ ምሳሌ በደንብ ይታያል። ጀርመን ቢራ ከገብስ ብቅል፣ ከጌሾ ዓይነቱ ተክል፣ ከእርሾና ከውኃ በቀር ሌላ ነገር ከገባበት ቢራ ብሎ መሸጥን የሚከለክል አሮጌ ሕግ ነበራት። ሕጉ ንጽሕና ይላል፤ ውጤቱ ግን የጎረቤት ቢራ እንዳይገባ ማድረግ ነው። በ1987 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ይህ ክልከላ ከውጭ በሚገባ ቢራ ላይ አይሠራም አለ። እንዲህ ዓይነት አጥር በየሀገሩ በብዙ መቶ ይቆጠር ነበር። ቀረጥ ቢነሣ እንኳ በመመዘኛና በፈቃድ ስም ገበያው ይዘጋል። ይህንን ለማፍረስ ደግሞ ሁሉም ሀገር ቬቶ ይዞ አይሆንም፤ እያንዳንዱ የራሱን ቢራ ያድናላ! ለዚህ ነው በ1986 የተፈረመው ነጠላ የአውሮፓ ሰነድ በብዙ ጉዳዮች ቬቶን አስቀርቶ በአብላጫ ድምፅ መወሰንን ያመጣው። ይህንን አጥብቀው የገፉት ማን ናቸው? ማርጋሬት ታቸር። የእኔን ቬቶ ስጥል የሌላውንም አስጥላለሁ የሚል ስሌት ነው። የብሪታንያ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ፋብሪካዎች ተጠቅመውበታል። በሕዝበ ውሳኔው ዓመት ከብሪታንያ ወጪ ንግድ 43 በመቶ ያህሉ የሚሄደው ወደ ኅብረቱ ነበር።

ስለ ገንዘቡ ብዙ መቆየት አልፈልግም፤ በክርክሩ ውስጥ ከሚገባው በላይ ቦታ ይዟል። የማኅበረሰቡ በጀት ለረጅም ጊዜ አብዛኛው የሚሄደው ለገበሬ ድጎማ ስለነበርና የብሪታንያ እርሻ አነስተኛ ስለሆነ ብዙ ከፍላ ጥቂት ታገኝ ነበር። ታቸር ተከራክረው በ1984 ፎንቴንብሎ ላይ ተመላሽ አስፈቀዱ። በ2016 ቀይ አውቶቡስ ላይ የተጻፈው በሳምንት 350 ሚሊዮን ፓውንድ ይህንን ተመላሽ ያልቀነሰ ቁጥር ነው፤ ሲቀነስ ወደ 250 ሚሊዮን ይወርዳል። ከኅብረቱ ለገበሬውና ለክፍለ ሀገሩ የሚመለሰው ሲቀነስ ደግሞ ከዚያም ብዙ ያንሳል። የስታቲስቲክስ ባለሥልጣኑ አሳሳች ነው ብሎ ተናግሯል። ቢሆንም አስተውሉ፤ «እንቆይ» ያሉት በቁጥሩ ሲከራከሩ ሰዉ ሁሉ በየቀኑ ቁጥሩን ይሰማ ነበር።

ታቸር ከአውሮፓ ጋር የተጣሉት መቼ ነው? ገበያው ወደ መንግሥትነት ሲጠጋ ነው። በሴፕቴምበር 1988 የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ዣክ ደሎር ብሪታንያ መጥተው በሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ላይ አውሮፓ የሠራተኛውንም መብት ያስከብራል ብለው ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ታቸር ቤልጂየም ብሩዥ ከተማ ላይ፣ በሀገራችን የመንግሥትን ጣልቃ ገብነት የቀነስነው ከብራስልስ እንደገና ሊጫንብን አይደለም የሚል ይዘት ያለው ንግግር አደረጉ። አሰላለፉ የተገለበጠው እዚህ ጋ ነው። በ1983 «እንወጣለን» ብሎ ለምርጫ የቀረበው ሌበር በአሥር ዓመት ውስጥ የአውሮፓ ወዳጅ ሆነ፤ ወግ አጥባቂው ፓርቲ ደግሞ ከውስጥ መታመስ ጀመረ። ግልጽ ነው፤ እያንዳንዱ ወገን ሉዓላዊነትን የሚወደው ሥልጣኑ የእሱን ዓላማ በሚያገለግልበት ቦታ ሲሆን ነው።

ከዚያ የማስትሪክት ስምምነት መጣ (1992)። ማኅበረሰቡ «ኅብረት» ሆነ፤ የጋራ ገንዘብ፣ የጋራ የውጭ ፖሊሲ፣ የኅብረቱ ዜግነት ተባለ። ጆን ሜጀር ከጋራ ገንዘቡ ነፃ የመሆን መብት ተደራድረው አገኙ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 16 ቀን ፓውንድ ከአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት በገበያ ግፊት ተባረረ። በአንድ ቀን ወለዱን ከ10 ወደ 12 በመቶ አድርሰው፣ 15 እናደርጋለን ብለውም ማዳን አልቻሉም። ጎርደን ብራውን በኋላ አምስት መመዘኛ አውጥተው በ2003 ለዩሮ ዝግጁ አይደለንም አሉ። የግሪክን ቀውስ ካየን በኋላ ይህ ውሳኔ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ «እንቆይ» ያሉትም ብዙዎቹ ይህንን አይክዱም።

«ማንም ያልመረጣቸው ሹማምንት» የሚለው ክስ በዚህ ዘመን ነው የገነነው። ሕግ የማመንጨት ሥልጣን ያለው ኮሚሽኑ ነው፣ ኮሚሽነሮቹንም ሕዝብ በቀጥታ አይመርጣቸውም፤ ይሄ እውነት ነው። በሌላ በኩል የሚያጸድቁት የተመረጡ መንግሥታት ሚኒስትሮችና ከ1979 ጀምሮ በቀጥታ የሚመረጠው የአውሮፓ ፓርላማ ናቸው። (ለነገሩ የብሪታንያ ሎርዶችንስ ማን መረጣቸው?) እኔን የበለጠ የሚያሳምነኝ የክሱ ክፍል ሌላ ነው፦ ጥፋት ሲገኝ ማንን እንደምትቀጣ አለማወቅ። ሚኒስትሩ ለንደን ተመልሶ «ብራስልስ አስገድዶኝ ነው» ይላል፤ ብራስልስ ውስጥ ግን እጁን አውጥቶ ደግፎ ነበር። በዚህ ዓይነት አርባ ዓመት ሙሉ የተወቀሰ ድርጅት በአሥር ሳምንት ቅስቀሳ ሊወደድ አይችልም።

በ2004 ኅብረቱ አሥር አዳዲስ አባላት ሲቀበል ከነባሮቹ ውስጥ የሥራ ገበያቸውን ወዲያው የከፈቱት ብሪታንያ፣ አየርላንድና ስዊድን ብቻ ናቸው። መንግሥት ያስጠናው ግምት በዓመት ከ5 ሺህ እስከ 13 ሺህ ሰው ይመጣል የሚል ነበር፤ ጀርመንም ትከፍታለች በሚል ታሳቢ። ጀርመን አልከፈተችም። በ2001 ቆጠራ በእንግሊዝና ዌልስ 58 ሺህ ያህል የነበሩት ፖላንድ ተወላጆች በ2011 ወደ 579 ሺህ ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ሠርተው ግብር የከፈሉ ናቸው፤ ሆስፒታሉንና ግንባታውን ደግፈዋል። ግን አንድ የአነስተኛ ከተማ ነዋሪ «ቁጥሩ ይቀነስ» ብሎ መንግሥቱን ቢጠይቅ እውነተኛው መልስ «በአባልነታችን ምክንያት አንችልም» ነበር። ካሜሩን ግን ቁጥሩን እንቀንሳለን ብለው ቃል ገቡ፤ ሳይሆን ቀረ። በመብት ላይ የነበረው ረቂቅ ክርክር ከሰዉ ኑሮ ጋር የተገናኘው በዚህ በር ነው። «ቁጥጥሩን መልሰን እንያዝ» የሚለው መፈክር የሠራውም ለዚህ ነው።

በፌብሩዋሪ 2016 ካሜሩን ከኅብረቱ ጋር ተደራድረው ያመጡት አንዱ ነገር ያቺን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን ሐረግ የሚመለከት ነበር። «ከቀን ወደ ቀን የሚጠብቅ አንድነት» ብሪታንያን አይመለከትም ተባለ። ዩሮ የለም፣ ሸንገን የለም፣ አሁን ደግሞ ይሄም የለም። በእውነቱ ከዚህ የተሻለ ልዩ አባልነት የነበረው ሀገር አልነበረም። ማንም ግን ልብ አላለውም።

ውጤቱ ሀገሪቱን ራሷን ከፋፈለ። እኛ በአማርኛ ሁሉንም «እንግሊዝ» እያልን ስለምንጠራ ይሄ ይሰወርብናል። እንግሊዝና ዌልስ «እንውጣ» ሲሉ ስኮትላንድ በ62 በመቶ፣ ሰሜን አየርላንድ በ55.8 በመቶ «እንቆይ» ብለዋል። የእኛን አንቀጽ 39 ያጠና ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል፦ መገንጠል ለጠየቀ ክልል ሕገ መንግሥታችን መጀመሪያ የምክር ቤቱን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎ ሕዝበ ውሳኔ ይጠይቃል። ብሪታንያ ግን ከ40 ዓመት በላይ የተጠላለፈ የሕግ ዝምድና ለማፍረስ የጠየቀችው ተራ አብላጫ ብቻ ነው። በኅብረቱ በኩል ደግሞ መውጫው አንቀጽ 50 የተጻፈው ገና በሊዝበን ስምምነት ነበር፤ ሥራ ላይ የዋለውም በ2009 ነው። የሮም ስምምነት በር አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ውስጥ አንድ ምጸት አለ። ለፓርላማ የበላይነት የታገለው መንግሥት አንቀጽ 50ን ያለ ፓርላማ ድምፅ ሊያንቀሳቅስ ሞከረ። በጃንዋሪ 2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፓርላማው ይወስን አለ። በ2019 ደግሞ ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን ሲዘጉ አሥራ አንዱ ዳኞች በሙሉ ድምፅ ሕገ ወጥ ነው አሉ። ለካ ፓርላማ ይወስን ማለትና ሕዝብ በሕዝበ ውሳኔ ይወስን ማለትም አንድ አይደሉም።

የአቅሙ ክርክር ክብደት የታየው በሰሜን አየርላንድ ነው። ከአየርላንድ ሪፐብሊክ ጋር ያለው ድንበር ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከ1998ቱ የሰላም ስምምነት ወዲህ ኬላ የለበትም። ሁለቱም ሀገሮች በአንድ ገበያ ውስጥ ሳሉ ኬላ አያስፈልግም ነበር። አንዱ ሲወጣ የጉምሩክ መስመር የሆነ ቦታ ላይ መሰመር አለበት። የብስ ላይ ከሆነ ሰላሙን ያሰጋል፤ ባሕሩ ላይ ከሆነ ሀገሪቱን ከሁለት ይከፍላል። የቴሬሳ ሜይ ስምምነት በ2019 ሦስት ጊዜ የወደቀው በዋናነት በዚህ ነው። ጆንሰን መስመሩን ባሕሩ ላይ አድርገው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ወጡ። በ2023 የዊንድሰር ማዕቀፍ አለዘበው እንጂ አላጠፋውም፤ ሰሜን አየርላንድ በሸቀጦች በኩል ዛሬም በርካታ የኅብረቱን ሕጎች ትከተላለች። የመወሰን መብቱ የተመለሰው ለሁሉም እኩል አይደለም።

መውጣቱ ምን አመጣ? የመንግሥት በጀት ኃላፊነት ጽሕፈት ቤት በረጅም ጊዜ ምርታማነት ካልወጣች ከምትሆነው 4 በመቶ ያህል ዝቅ ይላል ብሎ ገምቷል። አነስተኛ ላኪዎች በወረቀት ብዛት ተጎድተዋል። ስደትን በተመለከተ ቁጥጥሩ ተመልሷል፤ ቁጥሩ ግን ጨመረ። እስከ ጁን 2023 ባለው አንድ ዓመት የተጣራ ፍልሰት ከ900 ሺህ በላይ ሆነ፤ ብዙዎቹ ከአውሮፓ ሳይሆን ከሌላው ዓለም የመጡ። «እንውጣ» ያሉት በበኩላቸው ብሪታንያ በዲሴምበር 2024 የፓስፊክን የንግድ ስምምነት መቀላቀሏን፣ በ2025ም አሜሪካ በብሪታንያ ዕቃ ላይ 10፣ በኅብረቱ ላይ 15 በመቶ ቀረጥ መጣሏን ያነሣሉ። ባዶ ክርክር አይደለም። የ2020ውን የኮቪድ ክትባት ፈጣን ፈቃድም ይጠቅሳሉ፤ ያ ግን የተሰጠው የኅብረቱ ሕግ ራሱ ለአስቸኳይ ጊዜ በሚፈቅደው መሠረት፣ የሽግግሩ ጊዜ ሳያልቅ ነው።

እና አሁንስ? በሜይ 2025 የኪር ስታርመር መንግሥት ከኅብረቱ ጋር ለንደን ላይ አዲስ የትብብር ማዕቀፍ ተስማማ። ወደ ነጠላው ገበያም ወደ ጉምሩክ ኅብረቱም አንመለስም ተባለ። ሆኖም የምግብና የእንስሳት ምርት በድንበር ላይ ሳይጉላላ እንዲያልፍ ብሪታንያ በዚህ ዘርፍ የኅብረቱን ደንቦች እየተከታተለች ለመቀበል፣ በኅብረቱ ሕግ ትርጉም ላይም የአውሮፓ ፍርድ ቤትን የመጨረሻ ቃል ለመቀበል በመርሕ ተስማማች። ደንቡ ሲወጣ ድምፅ የላትም። ተቃዋሚዎች «ሕግ ተቀባይ ሆንን» አሉ፤ ላኪዎች «ጭነታችን ሊያልፍልን ነው» አሉ። በዚያው ስምምነት የአውሮፓ ጀልባዎች በብሪታንያ ውኃ ውስጥ የማጥመድ ፈቃዳቸው እስከ 2038 ተራዘመ። ከእነዚያ ጀልባዎች መካከል የስፔኖቹም አሉበት።